ጋሽ ጠጋ በሉ በአየር ማረፊያ

ጋሽ ጠጋ በሉ እናቱ ያወጣችለት ስም አለው። መታወቂያው ላይ ተጽፏል፤ ከመታወቂያው ውጪ ግን የሚያውቀው የለም። ጉልምስናውንም ሽበቱንም ያገኘው መናኸሪያ በር ላይ ቆሞ «ጠጋ በሉ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል ነው፤ ስሙም ይኸው ሆኖ ቀረ። ሚስቱ ብቻ ስትቆጣ «አንተ ሰውዬ» ትለዋለች። ሰፈሩ እንደሚለው ከሆነ ደግሞ ያልተቆጣችበት ቀን የለም።

ሥራው ተራ ማስከበር ነው። አውቶቡስ ሲመጣ ሰው እንደ ንብ ይሰፍርበታል። እሱ ገፊውን ወደ ኋላ ይመልሳል፣ አራስና ሽማግሌ ያስቀድማል፣ ወፍራሙን ከቀጭኑ ጋር ያዳብላል፣ «ውስጡ ባዶ ነው፣ በሩ ላይ ምን ያጣብቃችኋል» እያለ መተላለፊያውን ይሞላል። የመጨረሻው ሰው ሲገባ በሩን ከውጪ ይዘጋና የአውቶቡሱን ጎን በመዳፉ ሁለቴ ይመታል። ሹፌሮቹ መስታወት አይተው አይነሱም፤ ያን መዳፍ ሰምተው ነው የሚነሱት። አቧራው ሲበተን እሱ እዚያው ቆሞ ይታያል፤ ፊቱን ወደሚቀጥለው መኪና አዙሯል። እንዲህ እያደረገ ስንቱን ወደ ለቅሶ፣ ስንቱን ወደ ሠርግ፣ አንዳንዱንም ከሚስቱ ወደ ውሽማው ሲልክ ኖሯል። እሱ ራሱ ግን ከመናኸሪያው አጥር ዘልሎ የትም ሄዶ አያውቅም።

ይህን ጠባዩን አንድያ ልጁ ታውቀዋለች። ስትወለድ አልነበረም፤ የገበያ ቀን ስለሆነ መንገደኛ በዝቶበት ነበር። ስትመረቅም አልነበረም። በሠርጓ ቀን ነበር፤ ማለትም ከአዳራሹ ውጪ ነበር። እድምተኛው ሊመለስ ሲል መኪኖቹ ተደበላልቀው አየና «አንዴ ላስተካክል» ብሎ ወጣ። የአማቾቹን የመጨረሻ አክስት መኪና ውስጥ ከትቶ ሲመለስ ፎቶ አንሺው ዕቃውን ሰብስቦ ሄዷል። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ፎቶ ከሙሽራዋ በስተግራ አንድ ሰው የሚያስቆም ባዶ ቦታ አለ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሚስቱ «እዚህ ጋ የቆመው ባሌ ነው» ትላለች።

ልጅቱ ከባሏ ጋር ባሕር ማዶ ተሻገረች። ባሏ መርከበኛ ነው፤ ማርገዟን ስትነግረውም ስትከብድም ባሕር ላይ ነበር። ሐኪሞቹ በኦፕራሲዮን ነው የምትወልጂው ብለው ቀን ሲቆርጡላት ደወለች።

«አባዬ፣ እማዬ ትመጣለች። አንተስ?»

«እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ?»

«በሩ ላይ ትቆማለህ። ከምታውቀው ሥራ ሌላ አላዘዝኩህም። ስገባም ስወጣም በሩ ላይ እንዳይህ ነው የምፈልገው።»

«እመጣለሁ።»

«እንዳትምል። ባትመጣም አልቀየምህም። ብቻ ከእንግዲህ ና ብዬ አልጠይቅህም።»

ይህን ስትለው ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢኖር ይሻለው ነበር፤ ቁጣ በቤቱ ለምዷል።

ኦፕራሲዮኑ ለነገ ጠዋት ነው። የዛሬው አውሮፕላን ከተያዘ ይደርሳሉ። ካመለጠ ቀጣዩ ነገ ነው፤ ያኔ በሩ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው አያስፈልግም።

ከከተማቸው ዋናው ከተማ ድረስ በአውቶቡስ አድረው ነው የመጡት። እሱ ዓይኑን አልከደነም፤ አውቶቡሱ ሲጫን ከባዱ ሁሉ በአንድ ጎን ተቀምጦ አይቷልና መገልበጫውን ሲጠብቅ አደረ። እሷም አልተኛችም፤ በየኩርባው «አየሽ? አየሽ?» እያለ ጎኗን ሲጎስም ነበር። የሆስፒታል ልብስ ስታጥብ ዕድሜዋን ስለፈጀች ጉልበቷ ውሃ ይቋጥራል፤ ከአውቶቡሱ ስትወርድ ሁለቱም እግሮቿ የሌላ ሰው መስለዋት ነበር። እንዲህ ሆነው ነው እንግዲህ አየር ማረፊያው በር ላይ የደረሱት። ልጅቱ ለብርዱ ብላ የላከችለትን ብርቱካናማ ጃኬት ለብሷል። ከሩቅ የሚጮህ ቀለም ነው። ሚስቱ «እንዳይጠፋብን ብላ ነው፤ ልጄ ብልህ ናት» ብላለች።

ፍተሻው ላይ ቀበቶ አስፈቱት፣ ጫማ አስወለቁት፣ ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ አለፈ። ማሽኑ ጮኸ። ፈታሹ ወጣት ከጃኬቱ ኪስ ፊሽካ አወጣ።

«አባት፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ፊሽካ ነው።»

«ለምን ይዘውት መጡ?»

ሚስቱ ጫማዋን እያደረገች መለሰችለት። «ምጥ ሊያሰልፍ ነው፣ ልጄ። አንዱ ምጥ ሌላውን እንዳይቀድም።»

ወጣቱ ሳቁን ውጦ ፊሽካውን መለሰለት። ሚስቱ ግን ተቀበለችውና የእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ዛሬ ተሳፋሪ ነህ። ሰማኸኝ? ተሳፋሪ።»

«ሰምቻለሁ። እጄን ኪሴ ከትቼ ነው የምሄደው።»

እውነትም ከተተ።

ከዚያ በኋላ መሄድ ነው። አየር ማረፊያ ማለት ለካ መብረሪያ ሳይሆን የእግር መንገድ ነው። መተላለፊያው ያልቃል ስትል ይታጠፋል፣ ታጠፈ ስትል ይቀጥላል። መሄጃ እንዲሁ አይሰጡህም፤ የሽቶ ሱቅ መሃል ለመሃል አሳልፈው ነው። አንዲት ልጅ ከንፈሯን አሹላ የሴትዮዋን እጅ ያዘችና እፍ አደረገችባት። ሴትዮዋ አሸተተችና «የኛ ሆስፒታል ወለል የሚታጠብበት ከዚህ ይሻላል» አለች። ልጅቱ አመሰገነቻት።

በራሱ የሚሄደው ወለል ጋ ሲደርሱ ሴትዮዋ ቆመች።

«በዚህ አልሄድም።»

«ጉልበትሽን ያሳርፍልሻል።»

«ሲያልቅ የሚያደርገውን አላውቅም። እንደ አጃቢ ሸኝቶ ደርሶ ይጥለኝ እንደሆነስ?»

እሱ ወለሉ ላይ፣ እሷ ከጎኑ በእግሯ ሆነው ሄዱ። እሱ ቆሞ ነው፣ እሷ እያነከሰች ነው፤ ሆኖም እየተመለከተችው «ቀስ በል፣ ትቀድመኛለህ» ትለው ነበር። ሰው ሁሉ በወለሉ በስተቀኝ ቆሞ በስተግራ ደግሞ ቸኳዩ ያልፋል። ማንም ቆሞ አላዘዛቸውም። ጋሽ ጠጋ በሉ ይህን ሲያይ ቀና ይሁን አዘነ እሱም አልለየውም።

በራቸው ተብሎ የተነገራቸው ቦታ ሲደርሱ ተቀይሯል አሏቸው። የተቀየረው በር ያለው የመጡበት ጫፍ ነው። ሽቶ ሻጯ እንደገና እፍ አለች። ሁለተኛው በር ጋ ሲደርሱ ሰሌዳው ላይ «ዘግይቷል» የሚል ጽሑፍ አለ።

«ስንት ይዘገያል?» ብሎ ጠየቀ በሩ ላይ ያለችውን ሠራተኛ።

«እንነግራችኋለን።»

«መኪናው ተበላሽቶ ነው?»

«አውሮፕላኑ ገና አልመጣም፣ አባት።»

ይህችኛዋን መልስ ወደዳት። እሱም መናኸሪያ ላይ ዕድሜውን ሙሉ የሚሰጣት መልስ ናት፤ የማትጠቅም፣ ግን የማትዋሽ።

ወንበሮቹ ለመቀመጥ ብቻ የተሠሩ ናቸው። በየመሃላቸው ክንድ ማሳረፊያ ብረት ስላለ ሰው ልጋደም ቢል ጎኑን ይወጋዋል። ሴትዮዋ መጀመሪያ በግራ፣ ቀጥሎ በቀኝ፣ ቀጥሎ በብረቱ ሥር አሾልካ ሞከረች። ሲያቅታት ጫማዋን አውልቃ እግሯን ሻንጣው ላይ ሰቀለችና ብስኩት አወጣች። ደረቅ ነው፤ ቢሆንም በሉት። ከመጠጫ ቧንቧው ውሃ ሊቀዳላት ሄዶ ቧንቧው እጅ ሲያይ የሚፈስስ፣ እጅ ሲርቅ የሚጠፋ ዓይነት ሆኖበት በልመና ግማሽ ጠርሙስ ይዞ ተመለሰ።

«ምን ይመስልሃል፣ ወንድ ነው ሴት?» አለችው ዓይኗን ጨፍና።

«ምን አውቄ።»

«የሷን ጊዜስ አውቀህ ነበር?»

«ሰው ነው የነገረኝ። ሹፌሩ። ሴት ናት፣ ደህና ናት፣ ሁለት ሰው ጎድሏል ሙላልኝ አለኝ።»

«ሞላህለት?»

«ሞላሁለት።»

ሴትዮዋ ዓይኗን ሳትከፍት ሳቀች፤ ሳቁ ግን ከደረቷ አልወጣም፣ ድካሙ ዋጠው። እሱ በተራው አንገቱን አስደገፈ። ሁለቱም እንቅልፍ በማይባል እንቅልፍ ውስጥ ሆነው፣ ማስታወቂያው በየቋንቋው ይቅርታ ሲጠይቃቸው፣ ቀኑ በመስታወቱ ላይ ዞሮ ወደ ማምሻው አዘነበለ።

በመጨረሻ ተጠሩ። ሰው በአንድ ጊዜ ተነሣ። ወረፋ አልነበረም፤ ክምር ነበር። ጋሽ ጠጋ በሉ እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ ቆመ። ሚስቱ ክንዱን ይዛለች። አንዱ ጎረምሳ በሻንጣው ቁርጭምጭሚቱን መታው፤ ዝም አለ። ሌላው በጎን ሾልኮ ቀደመው፤ ይህንንም ዝም አለ። ሚስቱ ቀና ብላ አየችውና «ጎሽ» አለችው፣ ሕፃን መራመድ ሲጀምር እንደሚባለው።

ትኬታቸው ታየ፣ ፓስፖርታቸው ታየ፣ ደረጃ ወረዱ። አውሮፕላኑ ርቆ ነው የቆመው፤ እስከዚያ የሚያደርሳቸው አውቶቡስ ነው።

አውቶቡስ።

የመጀመሪያው ሞልቶ ሄደ። ሁለተኛው መጣ፣ የመጨረሻውም እሱ ነው። ሰው ገባና በሩ ላይ ተጣበቀ። ውስጡ ባዶ ነው። ሕፃን ያዘለች ሴት እግሯን አንሥታ የምትረግጥበት አጥታ መለሰችው። ትኬት የሚያዩት ሠራተኞች ፎቅ ላይ ናቸው፤ ታች ያለው ሠራተኛ ከአንድ ጋሪ ጋር እየታገለ ነው። ጋሽ ጠጋ በሉ ሚስቱን አየ፣ አውቶቡሱን አየ፣ ባለሕፃኗን አየ። ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ የሚሉት ወደው አይደለም፤ እጁ ከኪሱ ሲወጣ እሱ አላወቀም።

«ጠጋ በሉ። ጠጋ ጠጋ። ውስጡ ባዶ ነው፣ በሩ ላይ ምን ያጣብቃችኋል? አንተ ባለ ጊታሩ፣ ዕቃህን አቁመው፣ ከሰው ጋር አታጋድመው። እሷን አሳልፏት። ተነሥላት፣ ወንድሜ፣ አንተ ነገም ጉልበት አለህ።»

ሰው የታዘዘውን አደረገ። ለምን አያደርግም? እንደ ሠራተኛ ብርቱካናማ ልብስ ለብሶ ለሚያዝ ሰው በአየር ማረፊያ ውስጥ የማይታዘዝ የለም። ሚስቱን ፊት ለፊት ወንበር ላይ አስቀመጣት። ባለሕፃኗን ከጎኗ አደረጋት። ሚስቱ ሕፃኑን ተቀብላ እያባበለች ስለነበር ባሏ ከኋላዋ የገባ መሰላት። አንድ ሰው የሚቆምባት ቦታ ቀረች። ያን ጊዜ አንድ ሰውዬ ላብ አጥምቆት ደረጃውን እየዘለለ ወረደ።

«ና፣ ና፣ ላንተ ናት» አለው ጋሽ ጠጋ በሉ።

ሰውዬው ገባ። በሩ ተዘጋ። ጋሽ ጠጋ በሉ ወደ ጎን አንድ እርምጃ አለና የአውቶቡሱን ጎን በመዳፉ ሁለቴ መታ። ሹፌሩ ያችን ነገር የት እንደሰማት አይታወቅም፤ ምናልባት እሱም ከመናኸሪያ የመጣ ነው። ተነሣ።

ጋሽ ጠጋ በሉ አውቶቡሱ ሲሄድ አየው። ቀጥ ብሎ፣ ሳያጋድል፣ እኩል ተጭኖ። በዚያ ቀን ድካሙ የለቀቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ወገቡን ያዘና ለሚቀጥለው መኪና ፊቱን አዞረ።

የሚቀጥል መኪና የለም።

ከጋሪው ጋር ሲታገል የነበረው ሠራተኛ ጨርሶ መጣ። «ሽማግሌው፣ አላውቅህም። የየትኛው ፈረቃ ነህ?»

«የምን ፈረቃ?»

«እዚህ የምትሠራው።»

ጋሽ ጠጋ በሉ የቆመበትን ሲሚንቶ አየ፣ እጁን አየ። «ተሳፋሪ ነኝ» አለ። «የኔ ወንድም፣ ተሳፋሪ ነኝ። ሚስቴ እዚያ ውስጥ ናት።»

ሠራተኛው መገናኛውን አፉ ላይ አደረገና አወራ፣ ሰማ፣ እንደገና አወራ። አውሮፕላኑ ሰዓታት ስለዘገየ በመነሻ ሰዓቱ ሊጣሉ የደረሱ ናቸው መሰል፣ ከመገናኛው የሚወጣው ድምፅ ሁሉ ስድብ ይመስላል። እየሮጥኩ ልሂድ ብሎ ለመነ፤ እዚህ አስፋልት ላይ ሰው በእግሩ አይሮጥም አለው። መኪና ይፈለግ አለ፤ ተፈለገ። መኪናው ሲገኝ ደረጃው ከአውሮፕላኑ ተነሥቷል።

ስልኩ ጠራ።

«የት ነህ?» አለች ሚስቱ።

«ታች ነኝ።»

«ታች የት?»

«አስፋልቱ ላይ።»

«አስፋልቱ ላይ ምን ትሠራለህ?»

«አስገባኋችሁ።»

ከኋላዋ ቀበቶ እሰሩ የሚል ድምፅ ይሰማል። ጋሽ ጠጋ በሉ የትኛው መስኮት እንደሆነች ሊለይ ዓይኑን አጠበበ፤ ሁሉም መስኮት አንድ ነው።

«በሩን እንከፍታለን፣ ከፈለግሽ ትወርጃለሽ፣ እሱ ግን አይገባም አሉኝ» አለች። «አልወርድም።»

«አትውረጂ።»

«እሷ ብቻዋን ናት።»

«አውቃለሁ። አትውረጂ አልኩሽ እኮ።»

«አንተ ሰውዬ…» አለች፤ የቀረውን አልጨረሰችውም። ጋሽ ጠጋ በሉ ያን ጊዜ ፈራ። ዕድሜዋን ሙሉ ያን ዐረፍተ ነገር ሳትጨርስ ቀርታ አታውቅም።

ወደ ላይ መልሰው አወጡት። ትኬቱን ለነገ አዞሩለት፤ ቸር ሰዎች ናቸው፣ ሲስቁም ፊታቸውን አዙረው ነው። ያው ወንበር ላይ፣ ከብረቱ መሃል ተቀመጠ። አውሮፕላኑ ሲነሣ አላየም፤ ማየት ይችል ነበር፣ መስታወቱ ሰፊ ነው፣ አንገቱን ማዞር ግን ከበደው።

ለልጁ ከመደወሉ በፊት የሚላትን አዘጋጀ። ወንበር ሞላ ቢላት? ራሱ ይስቅበታል። ታመምኩ ቢላት ያስደነግጣታል። አላስገባ አሉኝ የምትለዋ የተሻለች መሰለችው። ደወለ።

«አባዬ፣ እማዬ ከመነሣቷ በፊት ነግራኛለች» አለች ልጅቱ፣ ገና አፉን ሳይከፍት።

«ነገረችሽ?»

«ሳቅኩ። ከዚያ አለቀስኩ። ነርሷ መጥታ የደም ግፊትሽ ጨምሯል ብላ ተቆጣችኝ።»

«የኔ ጥፋት ነው።»

«ማንን አስገባህ በቦታህ?»

«አንድ ላብ ያጠመቀው ሰው። ሳላየው ብቀር ይቀር ነበር።»

«እሱስ ይደርሳል እንግዲህ» አለች። «በልተሃል?»

«ብስኩት።»

«ወንበሩ ያስተኛል?»

«አያስተኛም።»

ሌላም ጠየቀችው። ብርድ አለ ወይ፣ ስልክህ እስከ ነገ ይቆያል ወይ፣ መድኃኒትህን እማዬ ይዛው ሄዳ እንዳይሆን። አንዱን ብቻ አልጠየቀችውም። መቼ ትመጣለህ አላለችም። እሱም እያንዳንዱን እየመለሰ ያችን ጠበቀ፤ ጠበቀ፣ ደህና እደር ልትለው ትንፋሿን ስትስብ ሰማና ቀደማት።

«ነገ እመጣለሁ» አለ። «ሳትጠሪኝ።»

«እሺ፣ አባዬ» አለች። እሺ የምትባል ቃል በር አትከፍትም፣ አትዘጋም። ስልኩ ተዘጋ።

ፊት ለፊቱ ያለው በር ሌላ አውሮፕላን ሊያሳፍር ነው። ሰው ተነሣ፣ ተከመረ፣ ተገፋፋ። አንድ አዛውንት ከነምርኩዛቸው ወደ ጎን ተገፍተው ቆመዋል። አንድ ጎረምሳ ደግሞ ሦስት ሻንጣ ዘርግቶ መንገዱን ዘግቷል። ጋሽ ጠጋ በሉ ሁለት እጁን ጭኑ ሥር አስገብቶ ተቀመጠባቸው።

አንዲት ሴት ልጆቿን እየጎተተች መጥታ አጠገቡ ቆመች።

«ጋሼ፣ የዚህ ወረፋ መጨረሻው የት ጋ ነው?»

ጋሽ ጠጋ በሉ ክምሩን አየው። መጨረሻው የት እንደሆነ ያውቃል፤ አንዴ ካየው አያመልጠውም።

«እኔ እንጃ፣ እናቴ» አላት። «እኔም መንገደኛ ነኝ።»

ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አየችው። አላመነችውም፤ ግን ልጆቿ እየጎተቷት ሄደች፣ እሱም እጁ እስኪደነዝዝ ድረስ ተቀምጦባቸው ቆየ።